ዊልቸር የሚያስገባ መኪና ቅንጦት አይደለም

ይድረስ ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር፣ ለገንዘብ ሚኒስቴር እና ለጉምሩክ ኮሚሽን

ግልባጭ፦ ለደሴ እና ለኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደሮች፤ በውጭ አገር ለምትኖሩ የወሎ ልጆች

ጉዳዩ፦ በዊልቸር የሚንቀሳቀሱ ወገኖች ወደ አገር ሲመለሱ ስለሚያስፈልጋቸው ተሽከርካሪ

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። ታላቅ ወንድሜ አብዛኛውን ዕድሜውን የኖረው እንግሊዝ አገር ነው። አከርካሪው ከተጎዳ ወዲህ የሚንቀሳቀሰው በኤሌክትሪክ ዊልቸር ነው። አሁን አገሬ ገብቼ ልኑር ብሏል። ቤት አለው። እህት ወንድም አለው። ቅሬው (ዕድሩ) ስሙን አልሰረዘም፤ መዋጮውም ተቋርጦ አያውቅም። የጎደለው ከነዊልቸሩ አሳፍሮ ከቤት የሚያወጣው መኪና ነው።

የምጠይቃችሁም ይህንኑ ነው። ሰውን ከነዊልቸሩ የሚያስገባ መኪና በእናንተ መዝገብ ላይ እንደማንኛውም የቤት አውቶሞቢል አይታይ። እንደ አካል ድጋፍ ይታይ። ይህ ደግሞ በጽሑፍ፣ ማንም አንብቦ በሚረዳው ቋንቋ፣ መኪናው መርከብ ላይ ከመጫኑ በፊት ይነገረን።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ብዙ ሰው «ዊልቸር የሚያስገባ መኪና» ሲባል ዊልቸሩ ታጥፎ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ የሚገባ ይመስለዋል። ታጥፎ የሚገባው በእጅ የሚገፋው ነው። የኤሌክትሪኩን ማጠፍ ቀላል አይደለም፤ ከነባትሪው ከ100 ኪሎ በላይ የሚመዝነው ብዙ ነው። ስለዚህ ሰውየው ከወንበሩ ሳይነሳ ነው መግባት ያለበት። ለዚህ ሲባል የመኪናው ወለል ተቆርጦ ዝቅ ይላል፤ አለዚያ ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ሰው ጭንቅላቱ በሩን ይመታል። ከኋላ ወይም ከጎን መወጣጫ ይገጠምለታል። ቫን ከሆነ በሞተር የሚሠራ ማንሻ ይደረግለታል። ከገባ በኋላ ዊልቸሩ በ4 ቀበቶ ከወለሉ ጋር ይታሰራል፤ ሁለቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ። ሰውየው ደግሞ ለራሱ የደረትና የወገብ ቀበቶ አለው። ማሰሪያው አይኤስኦ 10542 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጥቶለታል። በመኪና ግጭት ጊዜ ይችላል ተብሎ የሚፈተነው ዊልቸርም የራሱ ደረጃ አለው፤ አይኤስኦ 7176-19 ይባላል። በብየዳ ተቀጣጥሎ የሚሠራ ነገር አይደለም።

ይህ ሁሉ ለምን እንዳስፈለገ ያየሁት ወንድሜ ለእናታችን ለቅሶ የመጣ ጊዜ ነው። ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ደሴ ሩቅ አይደለም፤ ዳገት ነው እንጂ። ሚኒባስ በኮንትራት ያዝን። ረዳቱ ደግ ልጅ ነበር። «አብሽሩ፣ እናስገባዋለን» አለን። ጎረምሶች ብብቱንና ጉልበቱን ይዘው አነሱት። በሩ ጠባብ ስለሆነ እግሩ ብረቱን መታ። እሱ ከወገቡ በታች አይሰማውም፤ ስለዚህ ዝም አለ። ቤት ገብተን ልብሱን ስንቀይርለት ነው ደሙን ያየነው። ዊልቸሩ ጣራ ላይ በገመድ ታስሮ መጣ። ሲወርድ መንጃ ዘንጉ (ጆይስቲኩ) ተሰብሮ ነበር። ያን ዘንግ ደሴ ላይ የሚሸጥ ሰው የለም። ወንድሜ እናቱን ሳይሸኝ ቀረ። ሰው አልጋው ድረስ እየገባ «አላህ ያጽናህ»፣ «እግዜር ያጽናህ» ይለው ነበር። እሱ ግን መቃብሯ ጋ መድረስ ነበር የፈለገው።

ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። ያለው መኪና ለእሱ ስላልተሠራ ነው። ባጃጁም፣ ዶልፊኑም፣ አባዱላውም ያው ነው። ሰውን እንደ ጆንያ ተሸክሞ ማስገባት ለሚነሳውም ለሚሸከሙትም አደጋ ነው። ከወገቡ በታች ስሜት የሌለው ሰው ትንሽ ቁስል ከተነካካች ለወራት አልጋ ላይ ልታውለው ትችላለች።

እንግሊዝ አገር እንዴት ይንቀሳቀስ ነበር ብትሉ፣ በ1977 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ሞታቢሊቲ የሚባል አሠራር አለ። አካል ጉዳተኛው ለመንቀሳቀሻ ተብሎ ከመንግሥት የሚያገኘውን ድጎማ ለመኪና ኪራይ ያውለዋል። መኪናውን ይዞ ይነዳል ወይም ያስነዳል። በዚያ ላይ የለንደን ጥቁሮቹ ታክሲዎች በሙሉ ዊልቸር ያስገባሉ፤ አውቶቡሶቹም መወጣጫ አላቸው። መኪናው ግን የኪራይ ነው። አገር ለቆ የሚሄድ ሰው ያስረክባል። ገዝቶት ቢሆን እንኳ መሪው በቀኝ ነው፤ የእኛ አገር መንገድ ደግሞ የግራ መሪ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ወንድሜ ከዚያ ይዞት የሚመጣው መኪና የለም። አዲስ መፈለግ አለበት።

ፈለግንም። የግራ መሪ ያላቸው፣ ከኋላ መወጣጫ የተገጠመላቸው ያገለገሉ መኪኖች ጀርመንና ሆላንድ አካባቢ አሉ። ፎልክስቫገን ካዲ፣ ሲትሮየን ቤርሊንጎ፣ ሬኖ ካንጉ የመሳሰሉት። አሜሪካ ደግሞ ቶዮታ ሲየናና ክራይስለር ፓሲፊካ በብዛት ይቀየራሉ። ችግሩ አብዛኞቹ በነዳጅ የሚሠሩ መሆናቸው ነው። ሲየናም ከ2021 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ሃይብሪድ (ነዳጅና ኤሌክትሪክ የሚያጣምር) እንጂ ሙሉ ኤሌክትሪክ አይደለም።

እዚህ ላይ ነው የእናንተ ውሳኔ የሚመጣው። ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ተነገረ። ምክንያቱ ይገባኛል። ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ቀላል አይደለም። ውሳኔውን ለመቃወም አልጻፍኩም። ግን አንድ ነገር ታሳቢ የተደረገ አይመስለኝም። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው ያለው ወለሉ ሥር ነው። ዊልቸር ለማስገባት የሚቆረጠው ደግሞ ያው ወለል ነው። ሁለቱ ይጋጫሉ። መኪና ቀያሪዎቹ ራሳቸው የተቸገሩበት ጉዳይ ይህ ነው። አሁን አሁን መፍትሔ እየመጣ ነው፤ ኪያ ፒቪ5 የሚባለው የኤሌክትሪክ ቫን ገና ከፋብሪካው ዊልቸር እንዲያስገባ ተደርጎ የሚሠራ ዓይነት ወጥቶለታል። ደስ ይላል። ግን አዲስ ነው፤ ያገለገለውን በርካሽ እገዛለሁ ለሚል ሰው ገና ብዙ ጊዜ ይቀረዋል።

ሌላም አለ። ወንድሜ ዊልቸሩንም ቻርጅ የሚያደርገው በዚያው መብራት ነው። መብራት በጠፋ ቀን ዊልቸሩም መኪናውም እኩል ይቆማሉ ማለት ነው። ሐኪም ቤት መሄድ ቢያስፈልገው በምን ይሂድ? ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ለጤነኛ ሰው መንገድ ላይ ባትሪ ማለቅ ማለት ወርዶ መጠበቅ ነው። ለእሱ ግን እንደዚያ አይደለም።

የኤሌክትሪክ መኪናው ውሳኔ ለዊልቸር መኪና የተለየ ነገር አለው ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር። ስማቸውን መጥራት የማልፈልጋቸው ቢሮዎች ነገሩኝ። አንዱ «ይቻላል፣ ደብዳቤ አጽፊ» አለኝ። ሌላው «አይቻልም» አለኝ። ሌላው ደግሞ «መጀመሪያ መኪናው ጅቡቲ ይድረስና እናያለን» አለኝ። ይህኛው ነው ያስደነገጠኝ። ጅቡቲ የደረሰ መኪና በቆመበት ይቆጥራል። ደረቅ ወደብ የገባም እንዲሁ። ውሳኔ እስኪገኝ የሚከማቸው ክፍያ መኪናውን ለመግዛት ከተቆጠበው ገንዘብ ይበልጣል ብሎ የማይፈራ ሰው ቢኖር ነው የሚገርመኝ። ስለዚህ መኪናው ከመገዛቱ በፊት ፎቶውን፣ የሻንሲ ቁጥሩን፣ የቀየረው ድርጅት የሰጠውን ማረጋገጫና የሐኪም ማስረጃ አቅርበን «ይገባል» ወይም «አይገባም» የሚል የጽሑፍ መልስ የምናገኝበት አንድ መስኮት ይኑር። አይገባም ከተባልንም ይሁን፤ ቢያንስ ገንዘባችንን ባሕር ውስጥ አንጥለውም።

አሁን ወደ ቀረጡ ልምጣ። ዓለም ሁሉ በሚጠቀምበት የጉምሩክ አመዳደብ ዊልቸር ቁጥሩ 8713 ነው፤ የአካል ጉዳተኞች መንቀሳቀሻ ተብሎ ለብቻው ተቀምጧል። መወጣጫ የተገጠመለት መኪና ግን 8703 ውስጥ፣ ከሰው ሁሉ አውቶሞቢል ጋር ነው። ወንበሩ አካል ድጋፍ ሲሆን ወንበሩን የሚያስገባው መኪና ቅንጦት ሆነ ማለት ነው። ይህ እናንተ ያመጣችሁት ችግር አይደለም፤ አመዳደቡ የተሠራው እንዲህ ነው። ግን ታሪፍ አንድ ነገር ነው፣ ከታሪፉ ላይ የሚደረግ እፎይታ ሌላ ነገር ነው። እፎይታው በአገር ውሳኔ ነው። እንግሊዝ ለዊልቸር ተጠቃሚ ተብሎ በቋሚነት የተቀየረ መኪና ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ ዜሮ አድርጋለች። ጃፓንም እንዲህ ያሉትን መኪኖች ከፍጆታ ታክስ ነፃ ታደርጋለች።

በእኛ አገር በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 መሠረት ያገለገለ መኪና ዕድሜው በገፋ ቁጥር ታክሱ ይከብዳል። አሮጌ መኪና እንዳይከማችብን የተደረገ ነው፤ አልጠላውም። የተቀየረ መኪና ግን ለሌላው ሰው ከሚሆነው ይለያል። አዲሱን ለመግዛት አቅም የሌለው ቤተሰብ ሁሌም የሚያየው ጥቂት ዓመት የተነዳውን ነው። ዋጋው ላይ ደግሞ መወጣጫውና ማንሻው፣ ማሰሪያውና ተቆርጦ የተሠራው ወለል ሁሉ ተደምሯል። ታክሱ በዚያ ድምር ላይ ሲሰላ ሰውየው ለመወጣጫው ጭምር ይቀጣል። ቢያንስ መወጣጫው፣ ማንሻውና ማሰሪያው ያወጡት ዋጋ ከታክሱ ይውጣ። የመኪናው ዕድሜም ለብቻው በሆነ መመሪያ ይታይ።

ሕጉ ከእኛ ጋር ነው ብዬ አምናለሁ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 20 ስለ ግል መንቀሳቀስ ነው፤ ሰውየው በመረጠው መንገድና ጊዜ፣ በሚችለው ዋጋ እንዲንቀሳቀስ መንግሥታት እንዲያግዙ ይጠይቃል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ያዛል። እዚህ ላይ የምንጠይቀው ከካዝና እንዲወጣልን አይደለም። መኪናውን የምንገዛው እኛ ነን።

«በአካል ጉዳተኛ ስም እየገባ የሚቸበቸበውስ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ያጋጥማል። በጣም የሚያናድደኝም እሱ ነው፤ በአንድ ሰው እግር ሌላው እየሮጠበት ነው። ግን ለዚህ መኪና ማጭበርበር ከባድ ነው። መወጣጫ አለው ወይስ የለውም? ወለሉ ዝቅ ብሏል ወይስ አላለም? ወለሉ ላይ ማሰሪያ ብረቱ አለ ወይስ የለም? ማንም ሠራተኛ በሩን ከፍቶ ያየዋል። ሊብሬው ላይ «ለዊልቸር የተቀየረ፤ ለተወሰነ ዓመት አይተላለፍም» ተብሎ ይጻፍበት። በየዓመቱ ለቦሎ ሲቀርብ መወጣጫው መኖሩ ይረጋገጥ። የተነቀለ እንደሆነ ያልተከፈለው ቀረጥ ይከፈል። ለሸጠው አንድ አጭበርባሪ ተብሎ በሩ ለሁሉም እንዳይዘጋ ነው የምለምነው።

ይህ የዲያስፖራ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2014ቱ ጦርነት ወሎ ብዙ የአካል ጉዳት አይታለች። ደሴ ላይ የአካል ተሐድሶ ማዕከል አለ፤ ሰው ከሩቅ ወረዳ ተሸክመውት ይመጣል። ሰው ሠራሽ እግር አድርጎ፣ ዊልቸር ተቀብሎ ይወጣል። ከዚያ መናኸሪያ ይሄድና ረዳቱ «ዊልቸሩ የሰው ቦታ ይይዛል፣ የሁለት ሰው ክፈል» ይለዋል። ወንድሜ ቢያንስ መኪና መግዛት ይችላል። ይህኛው ሰውዬ ግን ምንም የለውም።

ስለዚህ የደሴና የኮምቦልቻ አስተዳደሮችን አንድ ነገር ልለምን። ሃያስ የማይነዳበት፣ ሃያስ የማይጠገንበት ሰፈር እኛ ዘንድ የለም። ቶዮታ ይህንኑ ሃያስ ጃፓን ውስጥ ዌልካብ በሚል ስም ከኋላው ማንሻ አድርጎ ከፋብሪካው ያወጣዋል። ማለትም መኪናው ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የጎደለው ማንሻው ነው። ለእያንዳንዱ ከተማ አንድ ማንሻ ያለው ሃያስ ቢመደብ፣ በስልክ ተጠርቶ ከሆጤም፣ ከቧንቧ ውሃም፣ ከሙጋድም ሰው አንስቶ ሐኪም ቤትና ተሐድሶ ማዕከል ቢያደርስ፣ ቅሬዎችና በውጭ ያሉ ልጆቻችን ለነዳጁና ለሹፌሩ ደመወዝ ይተባበራሉ። ወሎ በወዳጃ (በጋራ ዱዓ) ተሰብስቦ ያልሠራው ነገር የለም። ፈቃዱና የቀረጡ ነፃነት ግን ከእናንተ ነው የሚመጣው።

በውጭ ላላችሁ የወሎ ልጆችም፣ በዊልቸር ለምትንቀሳቀሱና እንደ ወንድሜ መመለስ ለምታስቡ፣ እኛ የተማርነውን ልንገራችሁ። ወለሉ በጣም ዝቅ ያለው የአሜሪካ ሚኒቫን ለአስፋልት ነው የተሠራው፤ የደሴ ኮብልስቶንና የፍጥነት መግቻ ሆዱን ይፈጨዋል። ለእኛ የሚሻለው ከመሬት ከፍ ያለ፣ ከኋላ የሚያስገባ ነው። ከጎን የሚያስገባው ከጎኑ ሰፊ ባዶ ቦታ ይፈልጋል፤ እኛ ሰፈር ከመንገዱ ቀጥሎ ያለው ቦይ ነው። ዳገት ላይ ስትቆሙ የመኪናው አፍንጫ ወደ ቁልቁለቱ ይሁን፤ ያኔ ከኋላ የሚዘረጋው መወጣጫ ይለሳልሳል፣ ዊልቸሩን ወደ ኋላ አይጥለውም።

በእጅ የሚዘረጋ መወጣጫ በሞተር ከሚዘረጋው ይሻላል። ማጠፊያው ቢሰበር ኮምቦልቻ ያለ ጎበዝ በያጅ ይጠግነዋል፤ የሞተሩን ኤሌክትሮኒክስ ግን የሚነካው የለም። ማሰሪያ ቀበቶውን መለዋወጫ ጨምራችሁ ያዙ። ከመግዛታችሁ በፊት በዊልቸራችሁ ላይ ተቀምጣችሁ ከወለሉ እስከ ጭንቅላታችሁ አስለኩ፤ ከበሩ ከፍታ ጋር አስተያዩት። ከአሜሪካ የምትመጡ የዊልቸሩን ቻርጀር እዩ፤ የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። በአውሮፕላን ስትመጡ የዊልቸሩን መንጃ ዘንግ ፍቱና በእጃችሁ ያዙት። ባትሪው ሊቲየም ከሆነ ስንት ዋት ሰዓት እንደሆነ ለአየር መንገዱ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ከሁሉም በላይ ግን ከዚህ የጽሑፍ መልስ ሳታገኙ መኪና አትግዙ፤ ያላችሁንም አታስረክቡ።

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣ ወንድሜ አሁን ያለበት ቦታ ይህ ነው። የያዘውን መኪና ካስረከበ በኋላ የሚመለስበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ከእናንተ የሚፈልገው ሦስት መልስ ነው። ለዊልቸር የተቀየረ የነዳጅ ወይም የሃይብሪድ መኪና በልዩ ሁኔታ ይገባል ወይስ አይገባም? ከገባ፣ በመወጣጫውና በማንሻው ላይ ቀረጥና ታክስ አለ ወይስ የለም? ይህን ከግዢ በፊት በጽሑፍ የሚያረጋግጥልን የትኛው ቢሮ ነው? መልሱን ለእኔ ብቻ ከምትልኩልኝ በድረ ገጻችሁና በቅርንጫፎቻችሁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ብትለጥፉት ለሌላውም ቤተሰብ ይደርሰዋል።

ከአክብሮት ጋር

የአንድ ዊልቸር ተጠቃሚ እህት
ደሴ